ከኪስ የሚወጣ እሳት

አዝመራው ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናው ላሊበላ ገበያ ዳር፣ በነጋዴው በአብዱልሀሚድ ሱቅ በረንዳ ላይ ዓመቱን ሙሉ ስታንኳኳ ትውላለች። በደርግ ዘመን፣ በሰባዎቹ መግቢያ፣ የሚሰፋው አብዛኛው ካኪ ነበር፤ ለሚሊሻው ካኪ፣ ለቀበሌው ሊቀ መንበር ካኪ፣ ለሊቀ መንበሩ ልጅ ደግሞ ከሊቀ መንበሩ ሱሪ የተረፈ ካኪ። አዝመራው ቁራጭ አይጥልም። ከመኪናው ሥር በጆንያ የሚያጠራቅመው ቁርጥራጭ አንድ ቀን ለአንድ ነገር እንደሚውል ያምን ነበር፤ ለምን እንደሚውል ግን ለብዙ ዓመት አላወቀም።

ቁመቱ ረዘም፣ አንገቱ ቀጠን ያለ፣ በከንፈሩ ሁልጊዜ መርፌ የያዘ ሰው ነው። መርፌውን ሳያወጣ ያወራል፣ ይስቃል፣ ደንበኛ ይቆጣል። ሚስቱ ከሞተች ቆይቷል። ቤቱን የሚጠርገው፣ ወጡን የሚሠራው፣ እሳቱን የሚያነደው ራሱ ነበር። በመጥረጉም በወጡም አይታማም። እሳት ግን አይሆንለትም።

በላስታ ክረምት ሲገባ ጉሙ ከአሸተን ማርያም ተራራ ይወርድና ከተማው ውስጥ እንደማይሄድ እንግዳ ይቀመጣል። እንጨቱ ይረጥባል፣ ኩበቱ ይሻግታል። የቀበሌው ሱቅ ክብሪት ሲያመጣ ለአንድ ቤት የሚደርሰው አንድ ክብሪት ነው፤ እርጥብ እንጨት ላይ ግማሹ ተጭሮ ያልቃል። ስለዚህ ሰው ክብሪቱን ለክፉ ቀን ይሸሽግና ጠዋት ጠዋት የገል ስባሪ ይዞ እሳት ካለበት ቤት ፍም ይጭራል።

እሳት ያለበት ቤት የይማርሽ ቤት ነበር። ይማርሽ ጠላ ጠማቂ ናት። አሻሮ ስትቆላ፣ ድፍድፍ ስታዘጋጅ፣ እሳቷ ጠፍቶ አያውቅም፤ ማታ በአመድ ታዳፍነዋለች፣ ጠዋት ትገልጠዋለች። ባሏን የቀበረች ዕለት እንኳ ለቀስተኛው ሲወጣ መጀመሪያ ያደረገችው ምድጃውን ማየት ነው ይባላል። የሰፈሩ ሴቶች ገል ይዘው ሲመጡ ፍሙን የምትሰጠው በወሬ ነው። ማን ወለደ፣ ማን ተጣላ፣ የማን ላም የማን ማሳ ገባች፤ ይህ ሳይነገራት ፍም ከቤቷ አይወጣም።

አዝመራውም ገል ይዞ ይሄዳል። ጎልማሳ ወንድ እሳት ሊጭር መሄዱ ያስቃል፤ እሱን ግን ሰፈሩ ለምዶታል። ከሴቶቹ ቀድሞ ይሄዳል፣ ከሴቶቹ በኋላ ይመለሳል። አንዳንዴ ጨዋታው ከመርዘሙ የተነሣ ፍሙ ገሉ ላይ አመድ ይሆንበትና እንደገና ይጠይቃል።

«አያ አዝመራው፣ ቅድም የጫርከው የት ደረሰ?» ትላለች ይማርሽ።

«በር ላይ ጠፋብኝ።»

«አሁንም በሩ ላይ ነህ እኮ!»

«ለዚያ እኮ ነው የጠፋብኝ።»

ሊያገባት ይፈልጋል። ይህን የማያውቅ በሰፈሩ ውስጥ አልነበረም፤ እሱ ግን ምስጢር የያዘ ይመስለዋል። ልንገራት ብሎ ቆርጦ በተነሣ ቁጥር መርፌው አፉ ውስጥ እንዳለ ትዝ ይለዋል። መርፌውን ሲያወጣ ደግሞ ቃሉ አብሮ ይወጣና ይጠፋል።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ክር ነው። ልብስ ሰፊ ወፍራም ጨርቅ ሲሰፋ ክሩ እንዳይበጠስ ሰም ያስነካዋል። አንድ የሐምሌ ጠዋት አዝመራው ምድጃው ላይ ተደፍቶ እፍ ሲል ከኮቱ እጅጌ ላይ የተንጠለጠለ ሰም የጠጣ ክር ወደ ፍሙ ወደቀ። ሌላ ክር ቢሆን ቦግ ብሎ ያልቅ ነበር። ይህኛው ቀጥ ብሎ፣ እንደ ጧፍ፣ ከክር በማይጠበቅ እርጋታ ነደደ። አዝመራው እፍ ማለቱን ትቶ ቁጭ ብሎ አየው። ከዚያ ዞሮ የቁርጥራጩን ጆንያ አየ።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ለጎረቤት የሚበጁ አልነበሩም። የዶሮ ላባ በካኪ ቋጥሮ ሲለኩስ ሰፈሩ ወጥቶ የሞተ ነገር ፈለገ። የሽንኩርት ልጣጭ ጨሰ እንጂ አልነደደም። ደረቅ የበርበሬ ግንድ አድቅቆ ሲለኩስ ከራሱ ጀምሮ እስከ ገበያው መውረጃ ያለው ሰው ሁሉ አነጠሰ። አብዱልሀሚድ ዓይኑን በጥምጣሙ ጫፍ እየጠረገ ከሱቁ ወጣ።

«ያ አላህ! አዝመራው፣ ጠላት ካለህ ንገረኝና አብረን እንጣላው። ከሳምባችን ጋር ምን አለህ?»

በመጨረሻ የተሳካለት በጥድ ልጥ ነው። ልጡን በእጁ እያፍተለተለ እንደ ጥጥ ያሳሳዋል፣ ደረቅ የገብስ እብቅ ይቀላቅልበታል፣ በካኪ ቁራጭ ጠቅልሎ በክር ጥርቅም አድርጎ ያስረዋል፤ ከክሩም የጣት ያህል ጅራት ያስተርፋል። ከዚያ ሰሙን በቲማቲም ጣሳ አቅልጦ ይነክረዋል። ሲደርቅ ከእንቁላል አነስ ያለ፣ ጅራት ያለው፣ አይጥ የሚመስል ነገር ይሆናል። ጅራቱን በአንዲት ክብሪት ለኩሰው ዝናብ ሲደበድበው ያደረ እንጨት ሥር ቢያስቀምጡት፣ አንድ ሰው አንድ ጣሳ ጠላ ሳይቸኩል እስኪጠጣ ድረስ ይነዳል። እስከዚያ እንጨቱ ይሸነፋል።

ስሙን ቋጠሮ አለው። ኪሱን በቋጠሮ ሞልቶ መዞር ጀመረ። ሰው ሲያገኝ ሰላምታውን ሳይጨርስ አንዱን ያወጣል። «ይችን እያት። ያዛት፣ አትነክስም።» ለጎረቤት አደለ። ሠርግ ቤት ይዞ ሄደ። ለቅሶ ቤት እንኳ ሄዶ፣ እግዜር ያጽናችሁ ካለ በኋላ ለወጥ ቤቱ ሁለት ሰጠ።

አንድ ነገር ግን አላሰበም። ቋጠሮው ሲበዛ ገል ይዞ ወደ ይማርሽ ቤት የሚሄደው ሰው አነሰ። መጀመሪያ የቀረው ራሱ አዝመራው ነው። ሄዶ ምን ይላል? እሳት አለው። እሳት ያለው ሰው በማለዳ ሰው ቤት ምን ይሠራል? ቀጥለው ሴቶቹ ቀሩ። ይማርሽ በሯ ላይ ቆማ መንገዱን ትመለከታለች፤ መንገዱ ላይ ጉም ብቻ አለ።

ወራት አልፈው አዝመራው ናፍቆት ሲጠናበት ለመሄጃ የሚሆን ምክንያት አገኘ። ሦስት ምርጥ ቋጠሮ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ስጦታ ይዞላት ሄደ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች።

«እሳት ማያያዣ ነው። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«እሳቴ መች ጠፍቶ ያውቃል?»

«ድንገት እንኳ ቢጠፋ ብዬ…»

«አሃ፣ ቤቴን ወና ያደረግኸው አንተ ነህ ለካ!» አለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ጎረቤቴ አሰለች መውለዷን ከማን እንደሰማሁ ታውቃለህ? ከቄስ! ሰፈሩ ገንፎውን በልቶ ተመልሶ፣ ልጁ ተጠምቆ፣ እኔ ከቄስ ልስማ? እሳት ከሰው ቤት ይጫራል እንጂ ከኪስ ይወጣል? አስማተኛ ነህ?»

አዝመራው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሦስቱን ቋጠሮ ግን አልመለሰችለትም። ይህን አስተዋለ፤ መንገዱን ሙሉም አሰበበት።

ነገሩ በዚህ መልክ እየከፋ ከመሄዱ በፊት ሽማግሌ መላክ እንዳለበት የነገረው አብዱልሀሚድ ነው። ሽማግሌ ለመሆንም ራሱ ተነሣ፤ ከይማርሽ የነፍስ አባት ከአባ ወልደ ሩፋኤል ጋር ሆነው በዓመቱ፣ በሐምሌ መጨረሻ ሄዱ። ይማርሽ ወንበር ሰጥታ፣ ለአባ ጠላ፣ ለአብዱልሀሚድ ከማር የተበጠበጠ ብርዝ ቀድታ፣ ሁለቱን እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ጾሙ ሊገባ ነው» አለች። «ፍልሰታን ልጹም። ሲፈታ እነግራችኋለሁ። እስከዚያ አየዋለሁ።»

«ምኑን ታይዋለሽ፣ ይማርሽ? ስንት ዓመት ስታይው ኖረሽ!» አለ አብዱልሀሚድ።

«አያያዙን።»

አብዱልሀሚድ ይህን ሲነግረው አዝመራው የጾሙን ቀናት በጣቱ ቆጠረ። ይማርሽ በፍልሰታ ቀልድ አታውቅም። ከቅዳሴ በፊት ውኃ አትቀምስም፤ ጾሙ እስኪፈታ ጠላ አትሸጥም። ባለፈው ዓመት እንቁላል የነካ ቢላ ያዋሰቻትን ጎረቤት እስከ መስቀል ድረስ አላነጋገረቻትም። አንድ ጠብታ ወተት፣ አንዲት ቅንጣት ቅቤ አዝመራው አጠገብ ከታየች ጋብቻው እዚያው አለቀ።

አዝመራው ከነሐሴ መጀመሪያ ጀምሮ ያለውን ኃይል ሁሉ ለጾሙ አዋለ። በየቀኑ ቤተ ማርያም እየሄደ ይማርሽ በምታየው ቦታ ቆሞ ያስቀድሳል። እርጥብ ድንጋይ ላይ በባዶ እግሩ ስለሚቆም ጉንፋን ያዘው፤ አፍንጫው ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። ይህንንም ለበጎ ቆጠረው፤ የታመመ ጿሚ ከጤነኛ ጿሚ ይበልጥ ይታያል።

በዚህ መካከል የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ውባንተ በረንዳው ላይ መጣ። ውሻው መብረቅ ከኋላው ይከተለዋል። መብረቅ ስሙ እንጂ አካሄዱ አይደለም፤ ከእንቅልፍ የሚነሣው ምግብ ሲሸተው ብቻ ነው።

«ጓድ አዝመራው!»

«አቤት ጓድ።»

«ከአውራጃ የኪነት ቡድን መጥቶልናል። ድንኳናቸው ከቤተ ማርያም በላይ ሜዳው ላይ ተተክሏል። ነገ ማታ ትርኢት አለ። ከበሯቸው ግን በእርጥበት ላልቶ ሲመታ እንደ ትራስ ነው የሚለው። እሳት አጠገብ ውሎ ካልጠበቀ አይጮኽም። ትልቅ እሳት እፈልጋለሁ።»

«እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ጓድ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ዛሬ ሙሉ ጠርሙስ ላምባ አፈሰስንበት፤ ላምባውን ጠጥቶ ዝም አለ። ያንተን እነዚያን ጅራታሞች አምጣ።»

«ሰም የለኝም። ጾሙ ከገባ ወዲህ ሰም ሁሉ ለጧፍ ነው የሚሄደው።»

«ለአብዮቱ ሰም የለኝም ነው የምትለው?»

«ለማንም የለኝም።»

«እንግዲያ በሌላ ነገር አድርገው» አለ ጓድ ውባንተ እየሄደ። «የኛ ሕዝብ መቼ ነው ሁሉ ተሟልቶለት ሠርቶ የሚያውቀው?»

አብዱልሀሚድ ከሱቁ ውስጥ ሆኖ ሰምቷል። ጥቂት ቆይቶ በትልቅ ድስት የረጋ ሞራ ይዞ ወጣ። በቅርቡ ለልጁ ስም ማውጫ ያረደው በግ ሞራ ነው።

«ሰምም እኮ የንብ ሞራ ነው» አለ ድስቱን መኪናው ላይ እያስቀመጠ።

አዝመራው ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። «አብዱልሀሚድ! ጾም ነው እኮ!»

«ልትበላው ነው?»

«ኧረ በስመ አብ!»

«ታዲያ እሳት ይጾማል?»

አዝመራው መርፌውን በከንፈሩ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እያዛወረ አሰበ። ከየትኛውም ወገን ቢያየው እሳት አይጾምም። አንድ ቋጠሮ በሞራ ነክሮ ሞከረ፤ ከሰሙ ይበልጥ ነደደ። ሽታው እንዴት እንደሆነ አላወቀም። አፍንጫው ከተዘጋ ሰንብቷል። አብዱልሀሚድም ሽታውን ልብ አላለው፤ እሱ በዚያ ሰሞን ጿሚ አልነበረም፣ ቤቱም ሥጋ ሥጋ ይሸት ነበር። አዝመራው እስኪመሽ ድረስ ጆንያውን ሞላ።

በማግሥቱ እሳቱ ከሰዓት በኋላ፣ ገና ቅዳሴ ሳያልቅ፣ ተለኮሰ። እርጥብ ግንድ እስኪያያዝ ጊዜ ይፈልጋል፤ ከበሮውም ለማታ መድረስ አለበት። አዝመራው ከግንዱ ክምር ሥር ቋጠሮዎቹን እንደ እንቁላል ደረደራቸውና ጅራታቸውን ለኮሰ። የኪነት ወጣቶቹ ከበሯቸውን አቅፈው ከበቡት። እሳቱ መጀመሪያ ተንሾካሾከ፣ ቀጥሎ ተንጫጫ፣ ከዚያ ከሰው ቁመት በላይ ተነሣ። ወጣቶቹ አጨበጨቡ። አዝመራው በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ኮርቶ አያውቅም፤ ይማርሽ ያለችው ታች ቅዳሴ ላይ መሆኑን እያሰበ፣ ብታየኝ ብሎ ተመኘ።

ልታይ ሳይሆን ልታሸት ነበር። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከመሬት በታች የተፈለፈሉ ናቸው፤ ቤተ ማርያምም እንደ ትልቅ ጉድጓድ ባለ ግቢ ውስጥ ነው ያለችው። ያን ቀን ጉሙ ሜዳውን ተጭኖታል። ጭሱ ወደ ላይ መሄጃ ሲያጣ ሣሩን ተንተርሶ ተንፏቀቀ፣ ከግቢው አፋፍ ደረሰ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ እንደ ውኃ ወደ ታች ፈሰሰ።

ታች ሕዝቡ ከማታ ጀምሮ ውኃ አልቀመሰም። ሁሉም መቋሚያውን ተደግፎ፣ ልቡን ወደ መቅደሱ አድርጎ ቆሟል። መጀመሪያ ዲያቆኑ አንድ ቃል ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ አንዲት አሮጊት አፍንጫቸው ላይ አማተቡ። ቀጥሎ ከአምዶቹ ኋላ የአንድ ሰው ሆድ ጮኸ፤ ዓለቱ ተቀብሎ ለሌላው ግድግዳ አቀበለው። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። በቅዳሴ መሐል አይወራም፤ ሁሉም ግን አንድ ነገር እያሰበ ነበር። ላዩ ላይ ሰው በግ እየጠበሰ ነው። በፍልሰታ!

አባ ወልደ ሩፋኤል እንደወትሮው ሳይሆን ሳይዘገዩ አሰናበቱ። ነጭ የለበሰው ሕዝብ በዓለቱ መውጫ ተንጋግቶ ወጣና፣ ማንም መንገድ ሳያሳየው፣ በአፍንጫው እየተመራ ሜዳው ላይ ደረሰ። ከእሱ በፊት የደረሱት የከተማው ውሾች ነበሩ። ክብ ሠርተው ተቀምጠው እሳቱን በአክብሮት ያያሉ።

«አዝመራው» አሉ አባ ወልደ ሩፋኤል፣ እስትንፋሳቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ «ምንድን ነው የምትጠብሰው?»

«ምንም፣ አባ። እሳት ነው የማነደው።»

«አፍንጫ የለህም?»

«ተዘግቶብኛል፣ አባ።»

«አፍንጫው ሲዘጋ አፉ ተከፈተለት!» አለች አንዲት ሴት ከሕዝቡ መሐል፤ ሰዉ ሳቀ።

አዝመራው ይማርሽን ፈለጋት። ከኋላ ቆማለች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስለሸፈነች የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነው፤ ዓይኗ ደግሞ ምንም አይናገርም።

«ሥጋው የታለ?» አለ አንዱ። ጎረምሶች በዱላ እሳቱን በታተኑት፤ ግንዱን አገላበጡት። ሥጋ የለም። አጥንትም የለም። ይህ ነገሩን ያበርደዋል ሲባል አባሰው።

«ከነአጥንቱ በልቶታል!»

«ጓዶች! ተረጋጉ! የኪነት እሳት ነው!» እያለ ጓድ ውባንተ ጮኸ፤ የሰማው የለም።

«አፍህን ክፈት» አሉት አባ ወልደ ሩፋኤል። አዝመራው መርፌውን አውጥቶ አፉን ከፈተ። አባ አጎንብሰው አሸተቱ።

«የባዶ ሆድ ሽታ ነው» አሉ ቀና ብለው። «የእኔም እንዲሁ ነው የሚሸተው።»

«ሞራ ነው፣ አባ» አለ አዝመራው በመጨረሻ። «ሰም ስላጣሁ ቋጠሮውን በሞራ ነክሬ ነው። ሽታው እሱ ይሆናል።»

«የማን ሞራ?»

አዝመራው መርፌውን መልሶ በከንፈሩ ያዘ። አብዱልሀሚድ ሱቁን ክፍት ትቶ ሲሮጥ የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው።

«የኔ ነው! ለልጄ ስም ማውጫ ያረድኩት በግ ነው!»

ሕዝቡ ውስጥ ነፋስ የገባ ይመስል ጉርምርምታ ተነሣ። «በፍልሰታ! ደግሞ የእስላም ሥጋ!»

«ኧረ ቀስ በሉ!» አለ አብዱልሀሚድ እጁን ዘርግቶ። «አንዱን ሳታገኙ ሁለት ታደርጉታላችሁ? ጎረቤቶቼ ናችሁ፤ ከኔ ቢላ የወጣ ሥጋ ቀምሶ የሚያውቅ ከመካከላችሁ አለ? እኔስ ከእናንተ ቀምሼ አውቃለሁ? ይህ ሰው በስም ማውጫው ዕለት መጥቶ፣ በጉ ተቆርጦ ሲቀርብ ጥግ ይዞ ቆሎ ሲቆረጥም ነው የዋለው። የኔን በግ ከሚበላ የሰፋውን ካኪ ይበላል፣ ወላሂ!»

ሰዉ ይህን በማመዛዘን ላይ እንዳለ መብረቅ ተነሣ። ነገሩን ሁሉ ተኝቶ ሲያዳምጥ ቆይቷል። በሰው እግር መካከል ሾልኮ፣ ጆንያው ውስጥ ጭንቅላቱን ከትቶ፣ የመጨረሻውን ቋጠሮ በአፉ ይዞ ፈረጠጠ። ጅራቱ ከአፉ ይወዛወዛል።

«ያዙት! ማስረጃው ነው!» አሉ አባ።

ዲያቆናቱ፣ ሚሊሻው፣ የኪነት ወጣቶቹ ከነከበሯቸው ተከተሉት። መብረቅ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ልክ ሮጠ፤ ሜዳውን ዞረ፣ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ በሌላ በኩል ወጣ፣ እየሮጠም ያኝካል። በመጨረሻ ይማርሽ እግር ሥር ቆሞ፣ ተናነቀው፣ እንደገና አኘከ፣ ከዚያ ያኘከውን ተፍቶ ቅር ብሎት ሄደ።

ይማርሽ ጎንበስ ብላ በእንጨት ገለጠችው። ክሩን ፈታች። ጨርቁን ዘረጋች። የጥድ ልጥ ነው፣ የገብስ እብቅም አለ።

«ሥጋ የለውም» አለች፤ ድምፅዋን በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሙ። «ውሻው እንኳ የሚበላ ነገር አጥቶ ተፋው።»

ጓድ ውባንተ አንገቱን አስግጎ አየ። «ይሄ… የሚሊሻ ካኪ ነው! የሕዝብ ንብረት ውሻ አፍ ውስጥ?»

«የልጅዎ ሱሪ ትራፊ ነው፣ ጓድ» አለ አዝመራው። «ውሻውም የእርስዎ ነው።»

ጓድ ውባንተ ጉዳዩን ከዚያ በላይ አልገፋበትም።

ሕዝቡ ግን አልተበተነም። ሌላ ጭንቀት ተነሥቷል።

«አባ፣ እኔ አሽትቻለሁ» አሉ ያማተቡት አሮጊት። «ጾሜ ፈርሷል?»

«ማሽተት ጾም አያፈርስም።»

«ምራቄንስ ውጬ እንደሆነ?»

«ምራቅሽ የራስሽ ነው።»

«ሆን ብዬ ደግሜ አሽትቼስ እንደሆነ?»

አባ ወልደ ሩፋኤል መስቀላቸውን አስተካክለው ያዙ። እሳቸውም ደግመው አሽትተዋል። በመጨረሻ፣ ከአዝመራው በቀር ሁሉም ወደ ቤቱ ሄዶ ጥሬውን እንዲቆረጥም፣ አዝመራው ግን የምእመናንን ሆድ ስላወከ ስግደት እንዲሰግድ፣ ጾሙ እስኪፈታም ሞራ የነካ እሳት እንዳያነድ ወሰኑ። ከበሮዎቹ በዚህ ሁሉ መካከል ደርቀው ስለነበር አንዱ ወጣት ሲመታው ድምፁ አሸተን ደርሶ ተመለሰ።

ይማርሽ ሳትሰናበተው ሄደች። አዝመራው ያንን ማታ ትርኢቱን አላየም። ሥጋ አለመብላቱ ታውቋል፤ ግን ይማርሽን ያህል ጿሚ በቅዳሴ መሐል የበግ ጥብስ እንድታሸት አድርጓል። እንቁላል ለነካ ቢላ እስከ መስቀል ከኮረፈች፣ ለዚህ እስከ መቼ እንደምትኮርፍ ሲያሰላ ዕድሜው አልበቃ አለው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ቀናት ቅዳሴ ላይ ከአምድ ኋላ ተደብቆ ቆመ። ጠዋት እሳት ማንደዱንም ተወ፤ ቀዝቃዛ በሶ በጥብጦ እየጠጣ ሥራው ይሄዳል። አንድም ቋጠሮ አልቀረውም። ቢቀረውም በኪሱ የሚይዝበት ፊት አልነበረውም።

ጾሙ የተፈታ ዕለት ጠዋት ጉሙ ትንሽ ገለጥ ብሎ ነበር። አዝመራው በሩን ሲከፍት ይማርሽ ደጁ ላይ ቆማለች። በእጇ የገል ስባሪ ይዛለች።

«እሳቴ ጠፋ» አለች።

በየደጁ የነበሩ ሴቶች መጥረጊያቸውን አቁመው ማየት ጀመሩ። ይማርሽ ገል ይዛ ሰው ቤት ስትሄድ ያየ በሰፈሩ ውስጥ የለም። ቁልቁል ደግሞ ከጎጆዋ ክዳን ላይ ወፍራም ጭስ ሲወጣ ሁሉም ያያል።

«ያንቺ እሳት?» አለ አዝመራው። «ይሄው እኮ ይጨሳል…»

«ጠፋ አልኩህ። ልትጭርልኝ ነው ወይስ ልትከራከረኝ?»

አዝመራው ወደ ምድጃው ዞረ። ምድጃው ቀዝቃዛ ነው። በጆንያው ውስጥ አንድ የካኪ ክር ብቻ ቀርቷል። እጁን ኪሱ ከተተ፤ ኪሱ ባዶ ነው። ዓመቱን ሙሉ እሳት በኪሱ ይዞ ዞሮ፣ በሚፈለግበት በዚያ ደቂቃ አንድም አልነበረውም።

«ይማርሽ… እኔም ጋ እሳት የለም» አለ።

«አውቃለሁ» አለች፤ ሳትጠየቅ ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ከነጠላዋ ጫፍ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ፈታች። ሦስቱ ቋጠሮዎች ናቸው፤ የሰሞቹ፣ ጅራታቸው እንኳ አልታጠፈም። «በዚህ አያይዘው። ፍም እስኪሆን ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።»

አዝመራው ተንበርክኮ እንጨት ደረደረ። የመጀመሪያው ክብሪት ተሰበረ፣ ሁለተኛው ጠፋ። ሦስተኛው ጅራቱን ያዘው። ቋጠሮው ቀጥ ብሎ ነደደ።

«ፍም ያለ ወሬ እንደማይሰጥ ታውቃለህ» አለች ይማርሽ ከኋላው። «እኔ ደግሞ ሰው ወደ ቤቴ መምጣት ከተወ ወዲህ ወሬ የለኝም። ያለኝ አንድ ብቻ ነው። እሱንም ለአባና ለአብዱልሀሚድ ገና አልነገርኳቸውም።»

አዝመራው ዞሮ ሊመልስላት ፈለገ።

«መጀመሪያ» አለች፣ «መርፌውን አውጣ።»

አወጣው።